ከመንቀላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ስለ ድሮ ቤዝ ጊታሮች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አሮጌ ቤዝ ጊታር ናቸው። ደስ ብሎኛል። ሰሞኑን ፒያሳ ባለችው የጥገና ክፍሌም ጠረጴዛውን የያዙት እነሱው ናቸው። አንዱን ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣዋል፣ ሌላው ከአልጋ ሥር ይገኛል። ሁሉም የሚጠይቁኝ ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ «ይሄ እዚህ ላይ ምን ይሠራል? ላውጣው?» ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። መሣሪያዎቹ ላይ የታተመውም እንደዚያው ስለሆነ ለማመሳከር ይቀላችኋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአሜሪካ የመጣ የ1960ዎቹ አጋማሽ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ ገዛሁ። ከቀጭኑ ክር በታች አንድ አጭር ጥቁር ዘንግ በብሎን ታስሯል። ምንም ሲሠራ አላየሁትም። ሁለት ትልልቅ የብረት ክዳኖችም አሉት፣ ለእጄ አልተመቹኝም። ከኋለኛው ክዳን ሥር የሚፈረፈር ስፖንጅ አለ። የባንዳችን ልጆች «ሁሉንም አውጥተህ ጣል፣ ክሩንም ቀይር፣ ድምፁ ሞቷል» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ምንም እንዳትጥል። ካቻቪቴውን አስቀምጥና ስማኝ።

ሊዮ ፌንደር ይህን ቤዝ በ1951 ሲያወጣ፣ ቤዝን እንደ ጊታር አንገት ላይ አንጠልጥሎ መጫወት ገና አልተለመደም። ሰውየው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጊታር መጫወት አይችልም። ተጫዋቹ በአውራ ጣቱ ክሩን ወደ ታች ይመታል ብሎ አሰበ። አውራ ጣት ሲመታ የቀሩት አራት ጣቶች የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ። ዘንጉ የእነሱ መያዣ ነው። ጣቶችህን ጠቅልለህ ያዘውና ወፍራሙን ክር በአውራ ጣትህ ምታ። ወዲያው ይገባሃል። ክብ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ይወጣል። በሌላ ጣት ያን ድምፅ አታገኘውም።

በኋላ ቤዝ ተጫዋቾች በጠቋሚና በመሐል ጣት መጫወትን መረጡ። ፋብሪካው ግን ዘንጉን ወደ ወፍራሙ ክር በኩል ያሻገረው በ1974 ገደማ ነው። እዚያ ከሄደ በኋላ የአውራ ጣት ማሳረፊያ ሆነ። አንተ ዘንድ ያለው በመጀመሪያ ቦታው ነው። ስለዚህ ተዛውሮ እንዳይመስልህ።

ወደ ክዳኖቹ ልምጣ። የፊተኛው ፒክአፑን፣ የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚልከውን ዕቃ፣ ይጋርዳል። እጅህን ካስቸገረህ አንሳው፣ ድምፁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። የኋለኛው ግን ሥራ አለው። ስፖንጁን ክሮቹ ላይ ጫን አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ስፖንጁ ደግሞ ክሩ ከተመታ በኋላ ለረጅም ጊዜ እንዳይጮህ ያፍነዋል። ፌንደር ሊተካ የፈለገው ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን የእንጨት ቤዝ ነበር። የዚያ ድምፅ «ዱም» ብሎ ቶሎ ይጠፋል። የኤሌክትሪኩም እንዲሁ እንዲጠፋ ነው ስፖንጅ የገባው።

የአሜሪካው የሞታውን ሪከርድ ኩባንያ ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን በ1962 በተሠራ ፕሪሲዥን፣ ስፖንጁን ከክዳኑ ሥር እንደተወው፣ በአንድ ጠቋሚ ጣት ነበር የሚጫወተው። ክሮቹ ፍላትዋውንድ ናቸው፤ ላያቸው ጠፍጣፋና ሲዳስሱት ለስላሳ የሆነው ዓይነት። ካልተበጠሱ አይቀይራቸውም ነበር። ልጆቹ «ሞቷል» ያሉህ ድምፅ እንግዲህ ይህ ነው።

ለእኛ ሙዚቃም ይህ ድምፅ ትልቅ ነገር ነው። በጭክጭካ ላይ ከበሮው ቦታ ይፈልጋል። ቤዙ ኖታውን በጊዜ ካልለቀቀ ሁለቱ ይጨናነቃሉ፣ ምቱም ይደፈርሳል። አጭር ኖታ ሲሆን ግን የሚጨፍረው ሰው ትከሻ ራሱ ይመልስልሃል። የዋልያስ ባንዱን መላከ ገብሬን ስማ። የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን ስማ። ኖታው የት እንደሚጀምር ሁሉም ይሰማል፤ አንተ የት እንደሚያልቅ አዳምጥ። በቀስታ ለሚሄድ ትዝታ ረጅም ኖታ ያምራል፣ ያን ጊዜ ክዳኑን ማንሳት ትችላለህ። ሁለት ብሎን ነው።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። የተፈረፈረውን ስፖንጅ ጠርገህ አውጣ። ያረጀ ስፖንጅ እርጥበት ይይዝና ብሪጁን፣ ክሮቹ የሚያርፉበትን ብረት፣ ያዝገዋል። ወንበር የሚያለብሱ ሰዎች ጋ ሄደህ ጠንከር ያለ ቁራጭ ስፖንጅ ጠይቅ። ክሩን እንዲነካ እንጂ እንዳይጨፈልቅ አድርገህ ቁረጠው። በጣም ከጫነ ኖታው ይዛባል። ክዳኖቹን ካነሳህ ከነብሎናቸው በአንድ ከረጢት አድርገህ ከጊታሩ ቦርሳ ውስጥ አኑር። የብሎን ቀዳዳዎቹን በምንም እንዳትደፍናቸው። ክሮቹንም ቢያንስ አንድ ቀረጻ ወይም አንድ ሠርግ ተጫወትባቸውና ከዚያ ወስን።

ጥያቄ፦ የእኔ ፕሪሲዥን ፒክአፕ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ግማሽ ወደ አንገቱ፣ ሌላው ወደ ብሪጁ ተዛንፏል። ወድቆ ተሰብሮ ይሆን? (ከሰባ ደረጃ)

መልስ፦ ጤነኛ ነው። ከ1957 ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንዱ ግማሽ ሁለቱን ወፍራም ክሮች፣ ሌላው ሁለቱን ቀጭኖች ይሰማል። የሁለቱ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አቅጣጫ ተቃራኒ ስለሆነ ከመብራት የሚመጣውን እምምታ እርስ በርስ ያጠፋፉታል። እያንዳንዱ ክር ደግሞ በሁለት ማግኔቶች መሐል ያልፋል። ይህ የምቱን ጅማሬ ያለዝበዋል። የቀድሞው የ1951 ፒክአፕ አንድ ወጥ ነበር፣ እምምታውም አይጠፋለትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ሰው የ1961 የፌንደር ጃዝ ቤዝ ነው ብሎ ብዙ ብር ጠየቀኝ። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል። እንደዚህ ዓይነት አይቼ አላውቅም። እውነቱን ነው? በምን ልወቅ? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። መልሱ ረዘም ይላል፣ ገንዘብሽ ነውና ታገሺኝ።

ጃዝ ቤዝ በ1960 ሲወጣ ለእያንዳንዱ ፒክአፕ የራሱ ቮልዩም (የድምፅ መጠን) እና የራሱ ቶን (የድምፅ ቃና) መቆጣጠሪያ ነበረው። አራት ኖብ እንዳይደረደር ሁለቱን ሁለቱን ደራረቧቸው። በ1962 ገደማ ይህን ትተው ወደ ሦስት ኖብ ሄዱ፤ ሁለት ቮልዩምና አንድ የጋራ ቶን። ስለዚህ ተደራራቢ ኖብ ከ1961 ጋር ይሄዳል። ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ያንኑ መልክ አስመስለው በኋላ ዘመን የሠሯቸው አሉ፣ ፌንደር ራሱም ደግሞ ሠርቷል።

ውስጡን እዪ። ኖቦቹ የተተከሉበት ሰሌዳ ሲነሳ ከሥር የመቆጣጠሪያዎቹ ጀርባ ይታያል። እዚያ ላይ ቁጥር ታትሟል። በ304 ከጀመረ ስታክፖል፣ በ137 ከጀመረ ሲቲኤስ የሚባል ፋብሪካ ሠርቶታል። ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች ዓመቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን ይናገራሉ። 3046120 ቢል ስታክፖል በ1961፣ በ20ኛው ሳምንት የሠራው ነው። ቁጥሩ የዕቃውን ዕድሜ እንጂ የጊታሩን ልደት አይነግርሽም። ዕቃው መጋዘን ሊቆይ ይችላል። ለምሳሌ ፌንደር በ1966 በብዛት ገዝቶ እስከ አሥርቱ ዓመት መጨረሻ ድረስ ተጠቅሞበታል። ከ1961 የዘገየ ቁጥር ካየሽ ግን ወይ ተቀይሯል፣ ወይ ጊታሩ 1961 አይደለም። ብየዳውንም ተመልከቺ። የድሮው ደብዘዝ ይላል። ሁሉም የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሰው ነክቶታል።

ቀጥሎ የአንገቱ ሰሌዳ። ከ1959 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት ፌንደር ይለጥፍ የነበረው ጥቁር ቡናማውን የሮዝውድ እንጨት ነው። ፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ የተተከሉት ነጣ ባለ እንጨት ላይ ከሆነ ሻጩን ጠይቂው። አንገቱን የያዙት ብሎኖች አራት መሆን አለባቸው። ሦስት ከሆኑ ያ አንገት ከ1970ዎቹ ወዲህ የተሠራ ነው።

እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ግን ከብሪጁ ፊት ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። የመጀመሪያዎቹ ጃዝ ቤዞች ለእያንዳንዱ ክር የየራሱ ማፈኛ ነበራቸው። ጠባብ ብረት ላይ ጨርቅ ተለጥፎ ከክሩ ሥር ይቆማል፤ ሲጫኑት ክሩን ይነካል። አብዛኛው ሰው ነቅሎ ጥሏቸዋል። ቀዳዳዎቹ ግን ቀርተዋል። የ1961 ነው በተባለ ገላ ላይ ማፈኛውም ቀዳዳውም ከሌለ እኔ ብሬን አላወጣም።

የመጨረሻው ማረጋገጫ አንገቱ ሲፈታ ሥሩ ላይ በእርሳስ የተጻፈው ቀን ነው። ይህን ግን ራስሽ አትሞክሪው። ሻጩም አንቺም ባላችሁበት ባለሙያ ይፍታው። ለማንኛውም በድሮ ፌንደር የአንገቱን መታጠፍ የሚያስተካክለው ብሎን ያለው እዚያው ሥሩ ላይ ነው። ስለዚህ ሲፈታ ሁለቱም ሥራ በአንድ ጊዜ ያልቃል።

ጥያቄ፦ በደርግ ጊዜ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ስጫወትበት የነበረ ቤዝ አለኝ። በሩሲያ ፊደል «ኡራል» ይላል። የኬብሉ መግቢያ አምስት ትንንሽ ቀዳዳ ነው። ዛሬ ገበያ ያለው ኬብል አይገባበትም። የልጅ ልጄ «በስተን አዲስ ጃክ እንግጠምለት» አለኝ። ልፍቀድለት? (ከጎላ ሚካኤል)

መልስ፦ አባቴ፣ እንዲበሳ አይፍቀዱ። የእርስዎ ጊታር የስቬርድሎቭስክ ሥራ ነው፤ ከተማዋ ዛሬ የካተሪንበርግ ትባላለች። ገላው ከባድ፣ አንገቱም ወፍራም ነው። ይህን ትከሻዎ ሳያስታውሰው አይቀርም። የሶቪየት ጊታሮች ብዙዎቹ እንደ ድሮ ቴፕ ሪከርደሮች ባለ አምስት ቀዳዳ ሶኬት ነበራቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አምስት እግር ያለው መሰኪያ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተራ ጠይቁ። በአንድ ጫፍ እሱን፣ በሌላው የተለመደውን ወፍራም ጃክ አድርጎ ኬብል የሚሠራ ሰው አይጠፋም። የመሬት ሽቦው ብዙ ጊዜ መሐለኛው እግር ላይ ነው። ቢሆንም ይለካ። የልጅ ልጅዎ ቴስተር ይዞ ከመቆጣጠሪያዎቹ የብረት ጀርባ ጋር የሚገናኘውን እግር ይፈልግ፤ መሬቱ እሱ ነው። ከቀሩት ውስጥ ድምፅ የሚያወጣውን ሞክሮ ያገኘዋል። የእርስዎም እጅ፣ የልጅ ልጅዎም እጅ በአንድ ጊታር ላይ ሊያልፍ ነው። እንዴት ደስ ይላል!

ጥያቄ፦ ጃዝ ቤዜ ያለማቋረጥ እም ይላል። ክሩን ስነካ ይቀንሳል። ማይክራፎኑን በከንፈሬ ስነካ ደግሞ ይነዝረኛል። (ከሠራተኛ ሰፈር)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ማይክራፎን ከነዘረህ አሁኑኑ መጫወት አቁም። ቤቱ የመሬት ሽቦ የለው ይሆናል፣ ወይም አምፕሊፋየሩ ተበላሽቷል። በባዶ እጅ ክር ይዘህ ሌላ ብረት መንካት ይገድላል። ኤሌክትሪሻን ሳታሳይ እንዳትሰካው። አምፕሊፋየሩ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነም በ110 ወይም በ120 ቮልት የሚሠራ እንደሆነ ጀርባውን አንብብ። የእኛ መብራት 220 ነው። ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

እምምታው ግን የፒክአፑ ጠባይ ነው። የጃዝ ቤዝ ሁለት ፒክአፖች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እም ይላሉ። ሁለቱንም ቮልዩም እኩል እስከ ጥግ ክፈታቸው። አንዱ የሌላውን ያጠፋል። ክሩን ስትነካ መቀነሱ የክሮቹ የመሬት ሽቦ እንዳልተቆረጠ ያሳያል።

ጥያቄ፦ የቫዮሊን ቅርጽ ያለው አሮጌ ሆፍነር ቤዝ አለኝ። ክሮቹን ለመቀየር ሁሉንም ሳወጣቸው ብሪጁ ተነስቶ ወደቀ። በኮላ ልለጥፈው? (ከእሪ በከንቱ)

መልስ፦ ኮላ አታስነኪው! ያ ብሪጅ ሲሠራም አልተለጠፈም። እንደ ክራር በርኩማ ነው፤ የሚይዘው የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። ገላው ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ ቀጭኑ እንጨት እንዲንቀጠቀጥ ብሪጁ ላዩ ላይ በነፃ ይቀመጣል።

ቦታውን እንዲህ መልሺው። ሁለቱን የዳር ክሮች ብቻ አስገቢና ብሪጁን ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። ቀስ ብለሽ አጥብቂ። ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኚ በጣትሽ ነካ አድርገሽ ምቺው፣ ቀጥሎ ተጭነሽ ምቺው። ሁለቱ ድምፆች አንድ መሆን አለባቸው። የተጫንሽው ከፍ ካለ ብሪጁን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ግፊው። በወፍራሙም በቀጭኑም ክር ስትጨርሺ በብሪጁ እግሮች ዙሪያ ቀጭን የወረቀት ፕላስተር ለጥፊ፤ ምልክት ይሆንሻል። ሌላ ጊዜ ክር ስትቀይሪ ግን አንድ አንዱን እያወጣሽ ተኪ።