ቪትዜ እየሞቀች አስቸገረችኝ፣ ሙሉ ሞተር ላሠራ ወይስ ልሽጣት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ አምዱን ሁሌ ነው ማነበው። 2003 ሞዴል ቪትዝ፣ 1000 ሲሲ ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ደላላው ሞተሯ አልተነካም ብሎ ነበር ያስገዛኝ፣ ብዙም ሳትቆይ ግን ዳገት ላይ ቀይ መብራት ማብራት ጀመረች፣ እኔም ውሃ እየጨመርኩ እነዳታለሁ። ጋራዥ አስገብቼ መጀመሪያ ፋን ተቀየረ፣ ከዛ ውሃ ፓምፕ፣ ከዛ ራዲያተር ታጠበ፣ እስካሁን ወደ 45 ሺህ ብር ወጥቶባታል። አሁን ደሞ መካኒኩ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ ይሠራ፣ 170 ሺህ አዘጋጂ አለኝ። ሌላው ያገለገለ ሞተር ገዝተሽ ቀይሪው ይላል፣ ባለቤቴ ደሞ ሽጪያትና ተገላገዪ ነው ሚለው። ነርስ ነኝ፣ የማታ ተረኛ ስሆን ያለሷ በጣም ነው ምቸገረው። ምን ላርግ?
ኤስ፣ ከአያት

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ውሃ እየጨመሩ መንዳቱን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። የቪትዝ ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ማለት ነው፣ አልሙኒየም ነው፣ በደንብ ከሞቀ ይጣመማል፣ ቀዩ መብራት እስኪበራ ደሞ ሞተሩ ቀድሞ ሞቋል።

170 ሺሁንም አሁን እንዳትከፍዪ። መኪናዋ ደህና ናት እያልኩሽ አይደለም፣ አላየኋትም፣ ግን ከጻፍሽልኝ ውስጥ አንድም ሰው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየሩን ሲያምቁ የሚፈጠረውን ግፊት) ለካልኝ የሚል የለም። ፋኑም ፓምፑም በግምት ነው የተቀየረው፣ ግምቱ በሳተ ቁጥር ከፋይዋ አንቺ ነሽ፣ እኔን ሁሌም ሚያናድደኝ ይሄ ነው።

መጀመሪያ የራዲያተሩ ክዳን ይታይ። ሰው ይንቀዋል እንጂ ብዙ ሞተር የበላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ ሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሞተሩ ሲሠራ ያለው ሙቀት ደሞ 90 አካባቢ ስለሆነ መሀላቸው ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ውሃው እንዳይፈላ ሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው፣ ጎማው ከደረቀ ወይ ስፕሪንጉ ከላላ ግፊቱ ያመልጥና ዳገት ላይ ቀይ ይበራብሻል። ሙሉ ሞተር ከማሠራት ጋር ሲተያይ የክዳን ዋጋ ምንም ነው፣ አዲስ ግዢለት። ራዲያተሩም የቧንቧ ውሃ ብቻ እየተጨመረበት ከኖረ ውስጡ ዝገትና ደለል ይሞላል፣ በመታጠብ ብቻ ላይከፈት ይችላል፣ ከአሁን በኋላ ኩላንት ይግባበት። ቴርሞስታቷ፣ እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ ሚከፍተውና ሚዘጋው ማለት ነው፣ አለ ወይ ብለሽም ጠይቂ፣ መኪና ይሞቃል ሲባል አውጥቶ ሚጥል ጋራዥ ብዙ ነው፣ ከዛ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚንም ይበላል።

ቀጥሎ ጋስኬት፣ በቴስታታውና በታችኛው የሞተር ክፍል መሀል ያለው ማሸጊያ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ከፍተሽ አስነሺያት፣ ሲሞቅ ግን በፍጹም እንዳትከፍቺው ፊትሽን ያቃጥልሻል። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይ የዘይት መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ፣ ወይ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካልቆመ የቴስታታ ጋስኬት ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት እያቃጠለች ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጋስኬት ብቻ ከሆነ ሙሉ ሞተር አያስፈልግሽም። ቴስታታው ብቻ ይወርድና ቶርኖ ቤት ሄዶ ስንጥቅ አለው ወይ ተብሎ ይታያል፣ ፊቱ ይስተካከላል፣ በአዲስ ጋስኬት ይታሰራል። የታችኛው ክፍል ደህና መሆኑን ግን ኮምፕሬሽን ሲለካ ነው ምታውቂው፣ ሲለካ ደሞ አጠገቡ ቁሚ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቁጥሩ ማኑዋሉ ላይ ካለው በሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል፣ ያ ብቻውን ሞተሩ ሞቷል ማለት አይደለም፣ ዋናው አራቱ ሲሊንደሮች ምን ያህል ይራራቃሉ ነው። አንዱ ለብቻው ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ይጨመርና ድጋሚ ይለካ፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ካላለ ቫልቭ ወይ ጋስኬት ነው። አራቱም ከሩቡም አልፈው በጣም ወርደው ሰማያዊ ጭስም ካለ ያኔ መካኒክሽ ልክ ነው፣ ሞተሩ ይሠራ።

ያገለገለ ሞተር ሶማሌ ተራ ታገኛለሽ፣ ግን ምን ያህል እንደሠራ በምን ታውቂያለሽ? ደሞ ቁጥሩ ሊብሬሽ ላይ ካለው ሞተር ቁጥር ጋር ስለማይገናኝ ሕጋዊ ሰነድ ከሌለው ምርመራ ላይ ጣጣ ነው። እኔ የመጨረሻ አማራጭ ነው ማደርገው።

የባለቤትሽ ሀሳብ ይገባኛል፣ ተሰላችቷል። ግን መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደህና ቪትዝ ድጋሚ መግዛት ቀላል አይደለም፣ ካምቢዮዋና ቦዲዋ ጤነኛ ከሆነ ብታሠሪያት ይሻልሻል። ካምቢዮዋም ከተነካ ግን ሽጪያት፣ ችግሯን ለገዢው ነግረሽ፣ ደላላው አንቺ ላይ ያደረገውን ሌላ ሰው ላይ እንዳትደግሚው።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት የዕቃውና የእጅ ዋጋው ለየብቻ በወረቀት ይጻፍልሽ፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃም ተረከቢ። የአራቱን ሲሊንደር ቁጥር ጽፈሽ ብትልኪልኝ አብረን እናየዋለን።