ቁፋሮ የሌለበት የአርኪዮሎጂ ሥራ ልያዝ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በአርኪዮሎጂ ተመርቄያለሁ። አንድ አማካሪ ድርጅት የንፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተከልበት በታሰበ ተራራማ ቦታ ላይ የሦስት ወር የቅኝት ሥራ ሰጥቶኛል። ጓደኞቼ ግን «ቁፋሮ የሌለበት ምን አርኪዮሎጂ አለ? ማስተርስሽን ብትቀጥዪ ይሻልሻል» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራውን ያዢው። ማስተርሱ የትም አይሄድም።

ቁፋሮ የሚመጣው አንድ ሰው መሬቱን በእግሩ አይቶ «እዚህ ጋ የሆነ ነገር አለ» ካለ በኋላ ነው። ተርባይኖቹ ገና ወረቀት ላይ እያሉ አንዱን ጥቂት አስር ሜትሮች ፈቀቅ ማድረግ ይቻላል። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። ሁሉም ሰው የሚያየው ተርባይኑን ነው፤ መሬቱን በብዛት የሚቆርጡት ግን መዳረሻ መንገዱ፣ ክሬን የሚቆምበት ደልዳላ፣ የኬብል ቦዩና ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ናቸው። የሚሰጡሽ ካርታ እነዚህን ሁሉ መያዙን በመጀመሪያው ቀን አረጋግጪ።

ከመውጣትሽ በፊት የድሮ ካርታዎችን፣ የአየር ላይ ፎቶዎችን፣ ከተገኘም የላይዳር ምስል ተመልከቺ። ላይዳር ከአየር ላይ በሌዘር የመሬቱን ቅርጽ ስለሚለካ ቁጥቋጦ የሸፈነውን አሮጌ የግንብ መስመር እንኳ ሊያሳይሽ ይችላል። ከዚያ ጂፒኤስ ይዘሽ በትይዩ መስመሮች ትሄጃለሽ። ተራራማ መሬት ብዙ ስለማይታረስ የቤት መሠረት፣ በረት፣ የመቃብር የድንጋይ ክምር እላዩ ላይ ሊቆይ ይችላል። ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ማለትም በጠዋትና ወደ ማታ፣ ትንሿ ጉብታ ሳትቀር ጥላ ትጥላለች። እኩለ ቀን ላይ ያው መሬት ለጥ ያለ ሜዳ ይመስልሻል። ስለዚህ ያጠራጠረሽን ቦታ በሌላ ሰዓት ተመልሰሽ እዪው።

አሁን ዋናው ነገር። «አላየሁም» እና «የለም» አንድ አይደሉም። በረግረጋማ ደጋ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ የሚከማች የእጽዋት ቅሪት አለ። እንደ ቦታው ቢለያይም በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። አንድ ሜትር ውፍረት ካለው ከሥሩ የ1,000 ዓመት ዕድሜ ያለው መሬት ተቀብሮ ሊሆን ይችላል፤ በእግር ሄደሽ አታገኚውም። ሣርና ቁጥቋጦ የጋረደሽንም ቦታ፣ ጭጋግ የያዘሽንም ቀን ሪፖርቱ ላይ ጻፊ። ወጪውን የሚከፍለው ማመንጫውን የሚገነባው አካል ነው። ቶሎ ጨርሱልኝ ማለቱ አይቀርም። ያኔ «ቅርስ የለም» ብለሽ አትፈርሚ፤ «ይህን ያህል አይቻለሁ፣ ይህን ማየት አልቻልኩም፣ እዚህ ጋ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር» በዪ። የዚህ ሙያ ክብር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። ስሜ ሪፖርቱ ላይ ይሰፍራል ወይ? የአደጋ መድን አለኝ ወይ? ከእኔ ጋር የሚወጣው ማን ነው? ተራራ ላይ አየሩ በድንገት ስለሚለወጥ ብቻሽን አትውጪ። እስከዚያው ኪውጂአይኤስን ተለማመጂ፤ በነፃ የሚገኝ የካርታ ሶፍትዌር ነው። ድርጅቱ ከፈቀደልሽ የጻፍሽውን ክፍል ከማስተርስ ማመልከቻሽ ጋር አያይዢው።