ተሸካሚውና አህያው

ሰሞኑን አንዷ ልጅ "ጋሼ፣ ያለ ተዋናይ ያለ ታሪክ ፊልም ይሆናል እንዴ?" ብላ ጻፈችልኝ። እንዴታ፣ ይሆናል። ጀርመናዊው ዋልተር ሩትማን በ1927 (እ.ኤ.አ.) የሰራውን "በርሊን፦ የታላቅ ከተማ ሲምፎኒ" እዩት። ጎህ ሲቀድ ባቡር እየከነፈ ከተማ ይገባል፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ከዛ መዝጊያው ሲከፈት ማሽኑ ሲሽከረከር ቀኑ ይመሻል። አንድ ቀን በአምስት ክፍል፣ ተራኪ የለ ምን የለ። ሰውየው ከዛ በፊት ቅርጽ ብቻ የሚደንስበት አኒሜሽን ነበር የሚሰራው፣ ሰውንም እንደ ቅርጽ ነው የሚያየው።

ጥያቄዋ ግን የቆየ ነገር ቆሰቆሰብኝ። በወጣትነቴ ይሄን ፊልም አይቼ አብጄ ነበር፣ መርካቶን በሱ ስታይል ልሰራ ካሜራ ተውሼ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ተሸካሚ አገኘሁ፣ ኩንታሉ ጀርባቸው ላይ ሲያርፍ የአንገታቸው ስር ይገተራል። ሶስት ቀን በጠዋት ተከተልኳቸው፣ ሻይ የሚጋብዙኝ እሳቸው ናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ያወሩኛል፣ እኔ ግን ልቤ ብርሃኑ ላይ ነው። ኤዲት ላይ ስቀመጥ ሩትማን ወደ ስራ የሚተመውን ሰው ከከብትና ከወታደር እግር ጋር ያጋጠመበት ትዝ አለኝ፣ እኔም የሳቸውን ጀርባ ከተጫነ አህያ ጀርባ ጋር አጋጠምኩት። ሪትሙ ልክ ነበር፣ ዛሬም ልክ ነው እላለሁ።

ፊልሙን ያሳየሁ ቀን ጠራኋቸው። የታጠበ ጋቢ ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አህያው ሲመጣ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፣ እሳቸውም ዞር ብለው ሰዉን አይተው ትንሽ ሳቁ። ሲያልቅ "ተባረክ ልጄ" ብለውኝ ወጡ። ከዛ ወዲህ በዛ ሻይ ቤት በኩል አላልፍም።

ለነገሩ ሩትማንንም ወቅሰውታል። ሃሳቡን ያመነጨው ካርል ማየር ራሱ ፊልሙ ላይ ላዩን ሆነ ብሎ ወጥቷል፣ ክራካወር የሚባለው ሃያሲም አልማረውም። ሩትማን ኋላ ለናዚዎች ፕሮፓጋንዳ ሰርቶ በ1941 (እ.ኤ.አ.) ሞተ። እናንተ ድሮን አስነስታችሁ በሙዚቃ እየቆራረጣችሁ "ሲኒማቲክ" የምትሉት ሁላ የሱ የልጅ ልጅ ነው፣ ብታውቁት ባታውቁትም፣ አብዛኛው ደግሞ ያደክማል። ሰው ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ እላለሁ፣ የበርሊኑ ፊልም ምርጥ ፊቶች ግን በተደበቀ ካሜራ የተያዙት ናቸው፣ ምን ላድርግ።

ልጅቷ የላከችልኝ ክሊፕ ላይ አንዲት ቆሎ ሻጭ አለች። ስሟን ጠይቀሻታል? ብዬ ልጽፍላት ስል ተውኩት። እኔ ራሴ የሳቸውን አላውቀውም፣ "አባባ" ነበር የምላቸው።