ጥያቄና መልስ፦ መዳቡ ከሲሊከኑ ላይ ለምን ይላጣል?

ጥያቄ፦ ሲሊከን ላይ መዳብ በኤሌክትሪክ ለመለበጥ የመዳብ ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ውህድ እጠቀማለሁ። ኤን-ታይፑ (ነጻ ኤሌክትሮን የሚበዛበት የሲሊከን ዓይነት) ይለበጣል፤ ነገር ግን ፕላስተር ለጥፌ ስስበው መዳቡ አብሮ ይነሳል። ፒ-ታይፑ ደግሞ ጭራሽ አይለበጥም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የፒ-ታይፑ ነገር ቀላል ነው። የመዳብ አዮን (ኤሌክትሮን ያጣ የመዳብ አቶም) ወደ መዳብ የሚለወጠው ኤሌክትሮን ሲያገኝ ነው፤ በፒ-ታይፕ ውስጥ ደግሞ ነጻ ኤሌክትሮን እጅግ ጥቂት ነው። በሚለበጠው ገጽ ላይ የሃሎጂን መብራት ያብሩበት፤ ብርሃኑ ኤሌክትሮን ይፈጥራል፣ መዳቡም ብርሃን ያረፈበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ኤን-ታይፑ ኤሌክትሮን ስለማያጥረው በጨለማም ይለበጣል።

መላጡ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። አየር ያገኘው ሲሊከን ከ1 እስከ 2 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ኦክሳይድ ያበጃል፤ መዳብ በዚያ ላይ አጥብቆ አይዝም። 1 በመቶ በሆነ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ይንከሩት። ሲያወጡት ውሃው ሳይዘረጋ ተንከባሎ ከወረደ ኦክሳይዱ ለቋል። ይህ አሲድ ብርጭቆ ስለሚበላ ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ ቃጠሎውም ዘግይቶ ስለሚያም ያለ ጓንት፣ ያለ ጭስ መሳቢያና ለቃጠሎው የሚቀባው ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል በሌለበት ባይነኩት ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እጥበቱ ነው። የፍሎራይድ ቅሪት ወደ መዳቡ ውህድ ከገባ፣ ከረንት ሳይከፈት እንኳ ሲሊከኑ እየሟሟ መዳብ በቦታው ይተካል። ይህ ሽፋን ልል ስለሆነ በላዩ የለበጡት ሁሉ አብሮት ይላጣል። በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያጥቡ፤ ከዚያ ኦክሳይዱ ሳይመለስ ቶሎ ወደ ውህዱ ያስገቡት፣ ሲነክሩትም ቮልቴጁ አስቀድሞ የተከፈተ ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን መዳብን በቀጥታ ሲሊከን ላይ መለበጥ አይመከርም። መዳብ ወደ ሲሊከን በቀላሉ ሰርጎ ገብቶ የኤሌክትሪክ ባሕርዩን ያበላሻል። መጀመሪያ ኒኬል ይለብጡ፦ በ1 ሊትር 300 ግራም ኒኬል ሰልፌት፣ 45 ግራም ኒኬል ክሎራይድና 40 ግራም ቦሪክ አሲድ፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 4፣ ሙቀት 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። በካሬ ሴንቲሜትር 10 ሚሊአምፒር ከሰጡት በግማሽ ደቂቃ 0.1 ማይክሮሜትር ገደማ ይቀመጣል። ቀጥሎ በናይትሮጅን ውስጥ በ350 ዲግሪ ለጥቂት ደቂቃ ያሙቁት፤ ኒኬሉ ከሲሊከኑ ጋር ተዋሕዶ ሲሊሳይድ ይሆናል፣ አጥብቆ የሚይዘውም ይህ ነው። መዳቡ ከመለበጡ በፊት የኒኬሉን ገጽ በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ አለቅለቅ ያድርጉት።

ሽፋኑ አንድ ጠርዝ ላይ ወፍሮ ሌላው ጋ ከሳሳ ከረንት የሚያገኝበትን የሲሊከኑን የጀርባ ግንኙነት ይፈትሹ፤ ክሊፕ ብቻውን አይበቃም። ጀርባውን ጫር ጫር አድርገው ጋሊየም-ኢንዲየም (ፈሳሽ የብረት ቅይጥ) ይቀቡት፤ ውህዱ እንዳያገኘውም ይሸፍኑት።