አንድ ስም፣ ሁለት ሕጎች

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ምርጫ በተቃረበ ቁጥር «የሃች ሕግን እንዳትጥሱ» የሚል ማሳሰቢያ ይደርሰናል። ፋርማሲ የምትማረው እህቴ ደግሞ መድኃኒት በርካሽ የሚገኘው በሃች ሕግ ምክንያት ነው ትለኛለች። ሕጉ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ከሥራ ሰዓት ውጭ ለምደግፈው ዕጩ ብቀሰቅስስ ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ ሕጎቹ ሁለት ናቸው። የእርስዎ መሥሪያ ቤት የሚያስታውሳችሁ እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣውን ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከኒው ሜክሲኮው ሴናተር ከካርል ሃች ነው። እህትዎ የምትጠቅሰው ግን በ1984 የጸደቀው የሃች-ዋክስማን ሕግ ነው፤ አመንጪዎቹም የዩታው ሴናተር ኦሪን ሃችና የካሊፎርኒያው የምክር ቤት አባል ሄንሪ ዋክስማን ናቸው።

የመጀመሪያው ሕግ የወጣው፣ በ1938ቱ ምርጫ ለሥራ አጦች በተዘረጋው የመንግሥት የሥራ ፕሮግራም የታቀፉ ሰዎች ለፖለቲከኞች መጠቀሚያ ሆነዋል የሚል ክስ በመነሣቱ ነው። ለረጅም ዘመን በጣም ጥብቅ ነበር፤ በ1993 ሲሻሻል ግን አብዛኞቹ ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት ውጭ በፓርቲ እንቅስቃሴ እንዲሳተፉ ፈቀደ። ስለዚህ በእረፍት ቀንዎ ቤት ለቤት እየዞሩ መቀስቀስም ሆነ በድጋፍ ሰልፍ መገኘት ይችላሉ። በሥራ ሰዓት፣ በመንግሥት ሕንጻ ውስጥ፣ የደንብ ልብስ ለብሰው ወይም በመንግሥት መኪና እየሄዱ ግን አይቻልም። እንደ ኤፍቢአይና ሲአይኤ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ደግሞ ከሥራ ውጭም ቢሆን በፓርቲ ቅስቀሳ እንዳይሳተፉ ተከልክለዋል፤ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ከነዚህ አንዱ ከሆነ ከላይ ያልኩት አይሠራም።

ብዙዎች ሳያውቁ የሚሳሳቱት በገንዘብ ጉዳይ ነው። ከራስዎ ኪስ መለገስ ይችላሉ፤ ሌላውን ሰው ለፓርቲ ወይም ለፓርቲ ዕጩ እንዲያዋጣ መጠየቅ ግን በማንኛውም ሰዓትና ቦታ ክልክል ነው፤ መዋጮ የሚጠይቅ መልእክት በማኅበራዊ ሚዲያ ማጋራትም እንደ መጠየቅ ይቆጠራል። እኔ ይህን ክልከላ ትክክለኛ ነው እላለሁ፤ ጉዳዩን በእጁ የያዘ ሠራተኛ መዋጮ ሲጠይቀው፣ ባለጉዳዩ በነጻነት እምቢ ለማለት ይቸገራልና። ቅጣቱ ከወቀሳ እስከ ከሥራ መሰናበት ይደርሳል። የሚያጠራጥር ነገር ካጋጠመዎ አስቀድመው ሕጉን የሚያስፈጽመውን የልዩ አማካሪ ቢሮ ይጠይቁ፤ ምክር ይሰጣል።

የእህትዎ ሕግ ደግሞ በሁለት ወገኖች መካከል የተደረገ ስምምነት ነው ማለት ይቻላል። ጄኔሪክ አምራቹ፣ ማለትም የመጀመሪያውን መድኃኒት ቅጂ በርካሽ የሚሠራው፣ ሰፊውን የክሊኒክ ሙከራ እንደገና እንዳያካሂድ ተደረገ፤ የእርሱ መድኃኒት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር እንዳለውና በእኩል መጠንና ፍጥነት ወደ ደም እንደሚገባ ካሳየ በቂ ነው። ባለፓተንቱ፣ ማለትም መድኃኒቱን ለተወሰነ ዘመን በብቸኝነት የመሸጥ መብት ያለው የመጀመሪያው አምራች፣ በበኩሉ በሙከራና በፈቃድ ሂደት ካለፈበት ጊዜ እስከ 5 ዓመት ማስመለስ ይችላል። ፓተንቱ አይጸናም ወይም አልጣስኩትም ብሎ ቀድሞ ለተከራከረ ጄኔሪክ አምራች ሕጉ ከሌሎች ጄኔሪክ አምራቾች ቀድሞ የሚሸጥበት የ180 ቀን ብልጫ ይሰጠዋል፤ ባለፓተንቱ በ45 ቀን ውስጥ ከከሰሰ ግን የጄኔሪኩ የሽያጭ ፈቃድ እስከ 30 ወር ሊዘገይ ይችላል። ሕጉ በወጣበት ጊዜ በአሜሪካ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ጄኔሪክ የሆኑት ከ5 አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ዛሬ ከ10 ወደ 9 ያህሉ ጄኔሪክ ናቸው።

ሕጉ ያልዘጋው ቀዳዳ ግን አለ። ባለፓተንቱ ክርክሩን ለማቆም ለተፎካካሪው ገንዘብ ከፍሎ ወደ ገበያ የሚገባበትን ቀን ያዘገየዋል፤ ሁለቱም ያተርፋሉ፣ ውድ ዋጋውን የሚከፍለው በሽተኛው ነው። ይህ ሊታገሥ የማይገባው ነገር ይመስለኛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በመድኃኒት አምራቹ በአክታቪስ ጉዳይ እንዲህ ያሉ ስምምነቶች በፀረ-ሞኖፖል ሕግ ሊመረመሩ ይችላሉ ብሏል፤ እያንዳንዱ በተናጠል ይታያል አለ እንጂ በጅምላ አልከለከላቸውም።