ቀልብ አልሰበሰብ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

መምህሩ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሳይኮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። ትኩረት ደግሞ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የማነሳው ወሬ ነው፤ ቤተሰቦቼ ሰልችቷቸዋል። ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ሁለት ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ሐኪም አይደለሁም፣ ስለ መድኃኒት አትጠይቁኝ። ስትሠሩ ደግሞ ስልካችሁ ሌላ ክፍል ይሁን። ይህን ያላደረገ ሰው ሌላው ምክሬ ብዙም አይጠቅመውም።

ሰኞ ማታ፦ ትኩረቴን እንዴት ነው የማሻሽለው?

መምህሩ፦ ምን ስትሠራ? የት ሆነህ? በስንት ሰዓት? በደፈናው ከጠየቅከኝ በደፈናው ነው የምመልስልህ። ዘርዝረህ ተመለስ።

የፈተና ሰሞን፦ መምህር፣ አንድ ገጽ አንብቤ ስጨርስ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። ዓይኔ መስመሩ ላይ ነው፣ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ሄዷል። ታምሜ ይሆን እንዴ?

መምህሩ፦ ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም። ኪሊንግስወርዝና ጊልበርት የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎችን በስልካቸው በኩል ድንገት እየጠሩ «አሁን ምን እየሠራህ ነው? ሐሳብህስ የት ነው?» ይሏቸው ነበር። ከመልሶቹ 46.9 በመቶው ላይ ሐሳባቸው ከያዙት ሥራ ውጭ ነበር። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ስለዚህ ሐሳብሽ መሄዱ አያስጨንቅሽ። መሄዱን ሳታውቂ ሦስት ገጽ መግለጥሽ ነው ጉዳቱ። በየአንቀጹ መጨረሻ መጽሐፉን ከድነሽ ያነበብሽውን በራስሽ አባባል አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። ካቃተሽ ተመለሺ። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ ፍጥነትሽም ይቀንሳል። ግን ሐሳብሽ መሸሹን ከሦስት ገጽ በኋላ ሳይሆን ከአምስት መስመር በኋላ ታውቂያለሽ። በትንፋሽ ላይ ቀልብን የማሳረፍ ልምምድም የሚያሠለጥነው ይህንኑ መመለስ ነው። በ2013 የወጣ ጥናት ላይ ተማሪዎች ለ2 ሳምንት ተለማምደው የንባብ ፈተና ውጤታቸው ተሻሽሏል። ስልኩንም አትርሺ፣ ሌላ ክፍል።

ሦስት አለቃ፦ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስዘል እውላለሁ። ማታ ድካሙ አለ፣ የጨረስኩት ነገር ግን የለም።

መምህሩ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ በ2009 ባሳተመችው ጥናት የትኩረት ቅሪት ስለሚባለው ነገር ጻፈች። ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ስትዞር እጅህ ይዞራል፣ ሐሳብህ ግን በከፊል እዚያው ይቀራል። በተለይ የመጀመሪያውን ሳትጨርስ ከተነሳህ። ድስቱን ሳታጥብ ሌላ ነገር እንደማብሰል ነው፤ የቀድሞው ሽታ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። አንተ ደግሞ በቀን ሃያ ጊዜ እንዲህ ታበስላለህ።

«አንድ ሥራ ብቻ ሥራ» አልልህም። ሦስት አለቃ ላለው ሰው ይህ ቀልድ ነው። የምልህ ሌላ ነው። ስትነሳ ሁለት መስመር ጻፍ፦ የት ደረስኩ፣ ስመለስ መጀመሪያ የማደርገው ምንድን ነው። በቃ። ሌሮይ ራሷ ከባልደረባዋ ጋር በ2018 ይህን መሰል ማስታወሻ ቅሪቱን እንደሚቀንስ አሳይታለች። ከዚያ በፊትም በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ያላለቀ ጉዳይ አእምሮን የሚነዘንዘው እቅድ እስኪወጣለት ድረስ መሆኑን አይተው ነበር። መጨረስ የግድ አይደለም። መቼና እንዴት እንደምትጨርሰው መወሰን ብዙውን ነገር ያቀልልሃል።

አለቃህ መጥቶ «ቶሎ ና» ሲልህስ? «አንድ ደቂቃ» በል። የትኛውም አለቃ አንድ ደቂቃ አይከለክልህም። መስመርህን ጽፈህ ተነሳ። እኔ ይህን ስለምድ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ ዛሬም አንዳንዴ ይረሳኛል።

ሦስት አለቃ፦ የኔን አለቃ አታውቀውም።

መምህሩ፦ እየሄድክ ጻፍ እንግዲህ።

ሌሊት ወፍ፦ እኔ በቀን 5 ሰዓት እንቅልፍ ይበቃኛል፣ ለምጄዋለሁ። ከምሳ በኋላ ብቻ እፈዝዛለሁ።

መምህሩ፦ አልለመድከውም። መጎዳትህን መለየት ነው ያቃተህ። በ2003 በወጣ ጥናት ለ14 ቀን በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙ ሰዎች፣ ትኩረታቸው እስከ 2 ሌሊት ጭራሽ ያልተኛ ሰው ያህል ወርዷል። ራሳቸው ግን ያን ያህል የወረዱ አልመሰላቸውም። መጀመሪያ ተኛ፣ ከዚያ እናውራ።

ሌሊት ወፍ፦ ቡናስ?

መምህሩ፦ ግማሹ ካፌይን ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ የጠጣኸው ሌሊትህን ይነካል። ተኛ ብዬሃለሁ።

ዜማ፦ እኔ ያለ ሙዚቃ ማንበብ አልችልም። ዝምታ ያስጨንቀኛል።

ዝምተኛው፦ ሙዚቃ እየሰማ የሚያነብ ሰው እያነበበ አይደለም።

ዜማ፦ ማን ጠየቀህ? እኔ ዲግሪዬን የጨረስኩት ጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ነው።

ዝምተኛው፦ ያለ ማዳመጫ ቢሆን በማዕረግ ትጨርሺ ነበር።

መምህሩ፦ ተዉ እንጂ። ቃል ያለው ዘፈን ንባብን ይሻማል፣ ሁለቱም ቃል ናቸውና። ተደጋጋሚ የእጅ ሥራ ላይ ከሆነ ግን ዝፈኑ። ቀጥሎ።

ጥርጥሬ፦ ስልክ ሌላ ክፍል የሚለውን ምክር የወሰድከው ከዚያ የ2017 ጥናት ነው አይደል? ስልክ ባይነካም እንኳ አጠገብ መኖሩ ብቻ የአእምሮን አቅም ይቀንሳል የሚለው። ሌሎች ሲደግሙት እኮ ሁሉም ያንን ውጤት አላገኙም።

መምህሩ፦ ልክ ነህ፣ የተደገሙት ጥናቶች አልተስማሙም። ስለዚህ «ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ አእምሮህን ይበላል» አልልም። የኔ ምክንያት ቀላል ነው። ሌላ ክፍል ያለን ስልክ ለማንሳት ከወንበር መነሳት ያስፈልጋል። ስትነሳ «ምን ልፈልግ ነው?» ብለህ ራስህን ትጠይቃለህ። አጠገብህ ካለ ግን እጅህ ሳይጠይቅህ ያነሳዋል።

ጥርጥሬ፦ እሺ፣ በዚህ ተስማማን።

ቲማቲም፦ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ ነው ወይስ 50 በ10? ትክክለኛው የቱ ነው?

መምህሩ፦ 25ቱን የመረጠው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ነው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ፣ ቲማቲም በመሰለ የወጥ ቤት ሰዓት። ለሱ ሠራለት። ሕግ አይደለም። ሥራው ከያዘህ ቀጥል፣ ደወል አያቋርጥህ። አንድ ነገር እያዩ መጠበቅ ብቻ በሆነ አሰልቺ ሥራ ላይ ከተቀመጥክ ግን ቶሎ ቶሎ እረፍ። ማክዎርዝ የተባለ ተመራማሪ በ1948 ባሳተመው ሙከራ ሰዎች የሰዓት ቀስት መቼ እንደሚዘል እያዩ ሲጠብቁ፣ ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ዝላዩ ያመልጣቸው ጀመር።

አያት፦ ልጄ፣ እኔ 66 ዓመቴ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ወሬ መከታተል ያቅተኛል፣ ድካምም አለኝ።

መምህሩ፦ እናቴ፣ ይህን በምክር አልሸፍነውም። ሐኪም ይዩ። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ችግር፣ ድብርት፣ የሚወስዱት መድኃኒትም ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገሩ መቼ እንደጀመረዎት ጽፈው ይዘው ይሂዱ።

ቶሎ ቶሎ፦ ትኩረት የሚጨምር ክኒን ወይም ቫይታሚን ካለ በስሙ ንገረን።

መምህሩ፦ መግቢያውን አንብብ።

ዓሣ፦ የሰው ትኩረት ከወርቅማ ዓሣ አንሶ 8 ሰከንድ ሆኗል ይባላል፣ እውነት ነው?

መምህሩ፦ ተረት ነው።

ሰኞ ማታ፦ ተመለስኩ። ዘርዝሬ ልጠይቅ። ማታ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስሠራ ነው የሚበተንብኝ። ስልኬን ሌላ ክፍል ባስቀምጥ ግን ይህን ጥያቄና መልስ በምን ልከታተል?

መምህሩ፦ አትከታተል።