ጥንዱን ከመግዛትህ በፊት ሴንተሩን ፈልግ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። 15 ዓመት ገደማ ያገለገሉ፣ በዘመናቸው ዋጋቸው የማይቀመስ የነበረ ሁለት ረጃጅም ስፒከሮች አግኝተሃል። ሻጩ «እንደ አዲስ ናቸው» ይላል፤ አንተ ደግሞ ባለህ ሪሲቨር (የፊልሙን ድምጽ አጉልቶ ለስፒከሮቹ ኃይል በሚሰጠው ማሽን) እየነዳህ ሳሎን ውስጥ ፊልም ልታይባቸው አስበሃል። ልግዛ ወይስ ልተው ነው ነገሩ። የኔ መልስ አጭር ነው፤ የነሱን ሴንተር፣ ማለትም ከነሱ ጋር እንዲሄድ የተሠራውን የመሃል ስፒከር፣ እስክታገኝ ድረስ ቀብድ አትክፈል።

ለምን ብትል፣ ፊልም ላይ ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከመሃለኛው ስፒከር ነው። ተዋናዩ እያወራ ከስክሪኑ ግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ፣ ሦስቱ ስፒከሮች ከአንድ ቤተሰብ ካልሆኑ የሰውየው ድምጽ መንገድ ላይ ይቀየራል፤ ዳር ላይ ጥርት ብሎ የነበረው ሰው መሃል ሲደርስ ጉንፋን ይይዘዋል። አንዴ ከሰማኸው በኋላ ደግሞ ፊልም ባየህ ቁጥር ትሰማዋለህ። ያገለገለ ዕቃ ውስጥ ጥንድ ማግኘት ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ሴንተሩ ነው። ለሙዚቃ የገዛው ሰው ሴንተር አላስፈለገውም፤ ለፊልም የገዛውም ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም በአንድ ላይ ነው የሚሸጠው። ለብቻው የሚወጣ የድሮ ሴንተር ስትጠብቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

«ያው አንድ ብራንድ ነው» የሚለውን ደግሞ አትቀበል። ስፒከር ሠሪው ቢ ኤንድ ደብሊው የ800 ተከታታዩን በ2015 ሲያድስ፣ ለረጅም ዘመን የሚታወቅበትን ቢጫ የኬቭላር ሚድሬንጅ (የመካከለኛውን ድምጽ ማውጫ) ትቶ ኮንቲኒየም ብሎ ወደሰየመው ሌላ ቁስ ዞሯል። ቢጫውን ጥንድ ገዝተህ የአዲሱን ዘመን ሴንተር መሃል ብታስቀምጥ ስማቸው እንጂ ድምጻቸው አንድ ላይሆን ይችላል። የምትፈልገው ያንኑ ተከታታይ፣ ያንኑ ትውልድ ነው።

ሴንተሩ ጨርሶ ከጠፋ መውጫው ሁለት ነው። እኔ የምወደው ሦስት አንድ ዓይነት ስፒከር ከፊት መደርደር ነው። ለዚህ ረጃጅሞቹ አይመቹም፤ የዚያው ተከታታይ ትናንሾቹ፣ ስታንድ ላይ የሚቀመጡት ይሻላሉ። ሁለት ጥንድ ገዝተህ ሦስቱን ትጠቀማለህ፣ አራተኛው መለዋወጫ ይሆንሃል። ሁለተኛው መውጫ ሪሲቨሩን «ሴንተር የለም» ብሎ ማስተካከል ነው፤ ያኔ ንግግሩ ለግራና ለቀኝ እኩል ይካፈላል። መሃል ላይ ለተቀመጠ ሰው ግሩም ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ግን ንግግሩን የሚሰማው አጠገቡ ካለው ስፒከር ነው፤ ብቻህን የምታይ ከሆነ ግድ የለም።

እግረ መንገዴን፣ ትናንሾቹን አትናቃቸው። ሆም ቲያትር ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ድምጽ ለሰብዉፈር፣ ወፍራሙን ድምጽ ብቻ ለሚያወጣው ሳጥን፣ መስጠት የተለመደ ነው፤ የፊልም ድምጽ ደረጃ የሚያወጣው ቲ ኤች ኤክስም መለኪያው ያደረገው ይህንኑ ቁጥር ነው። እንግዲህ የረጃጅሞቹን ትልልቅ ዉፈር (የወፍራሙን ድምጽ ማውጫ) ከፍለህ ገዝተህ ግማሽ ሥራውን ለሰብዉፈሩ ልትሰጥ ነው። በብዙ ተከታታይ ውስጥ ትንሹም ትልቁም የሚጋሩት ትዊተር (የቀጭኑ ድምጽ ማውጫ) አንድ ነው፤ ትንሹን ደግሞ አንድ ሰው ይሸከመዋል።

ሌላው የሪሲቨርህ ጉዳይ ነው። ለፊልም ድምጽ በተቀመጠው ሙሉ ልኬት ከአንድ ስፒከር የሚመጣው ከፍተኛ ምት ተመልካቹ ወንበር ላይ 105 ዴሲቤል ይደርሳል። ስፒከሩ በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ላይ 87 ዴሲቤል የሚሰጥ ከሆነ፣ ሦስት ሜትር ርቀህ ስትቀመጥ በገላጣ ቦታ 9.5 ዴሲቤል ያህል ታጣለህ፤ ቤት ውስጥ ግድግዳው ስለሚያግዝ ኪሳራው ያንሳል። ገላጣውን ይዘህ ብታሰላው ከ500 ዋት በላይ ይጠይቅሃል። አይደንግጥህ፤ ቤቱ ውስጥ በዚያ ልክ የሚሰማ ሰው ጥቂት ነው። 10 ዴሲቤል ስትቀንስ የሚያስፈልገው ኃይል አንድ አሥረኛ ይሆናል፤ 60 ዋት እንኳን አይሞላም። ግን ስሌቱ የሚያሳይህ ነገር አለ፤ 84 እና 90 ዴሲቤል በሚሉ ሁለት ስፒከሮች መካከል ያለው ልዩነት የአራት እጥፍ ኃይል ልዩነት ነው።

ኦሙም፣ ማለትም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ ያለው መቋቋም፣ እንደዚያው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ለሪሲቨሩ ጭነቱ ይከብዳል። ጀርባው ላይ 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር በአንዳንድ ድምጾች 3 ኦም ሊወርድ ይችላል፤ አንዳንድ ውዶች ደግሞ በዚህ የባሱ ናቸው። የ1980ዎቹ አፖጂ ሲንቲላ የተባለ ስፒከር እስከ 1 ኦም በመውረድ ስንት ጠንካራ አምፕ (አምፕሊፋየር) የፈተነ ነው። ተራ ሪሲቨር እንዲህ ያለ ጭነት ሲገጥመው ይግላል፣ ከዚያም ፊልሙ የፍንዳታ ትዕይንት ላይ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። ስቴሪዮፋይል መጽሔት ለገመገማቸው ስፒከሮች የኦም ግራፍ ያወጣል፤ ሞዴልህን እዚያ ፈልገው።

አሁን ዕቃውን ልታይ ሄድክ እንበል። የጨርቅ ሽፋኑን አስነሳና በባትሪ ብርሃን ኮኑን (የሚርገበገበውን ሾጣጣ ክፍል) ከብረቱ ጋር የሚያያይዘውን ለስላሳ ጠርዝ ዙሪያውን እይ። ጎማ ከሆነ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ፎም ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ስፒከሩ ባይሠራም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥም ይበሰብሳል። በጣትህ ጫፍ ብቻ ንካው፤ ጥቁር ዱቄት ጣትህ ላይ ከቀረ አብቅቶለታል። ፎም መቀየር ይቻላል፣ ባለሙያ በደንብ ከሠራው ችግር የለውም፤ ግን ሁለቱም ስፒከሮች ባንድ ጊዜ መቀየራቸውን ጠይቅ። ጠርዙ ጤነኛ ከሆነ ጣቶችህን በኮኑ ዙሪያ እኩል አሳርፈህ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፋው። ድምጽ ሳያሰማ ገብቶ መመለስ አለበት። ፋቅ ፋቅ ካለ የውስጡ ኮይል ወይ ተቃጥሏል ወይ ስፒከሩ ወድቆ ማግኔቱ ተንሸራቷል።

መልቲሜትር ይዘህ ሂድ። 8 ኦም የተባለ ዉፈር 6 ገደማ፣ 4 ኦም የተባለው ከ3 ትንሽ ከፍ ብሎ ያሳያል፤ ዋናው ሁለቱ ስፒከሮች መቀራረባቸው ነው። ጀርባው ላይ አራት መግቢያ ካለውና ማገናኛ ብረቱን አውልቀህ የትዊተሩን ወገን ከለካህ፣ መልቲሜትሩ ምንም ላያነብ ይችላል። ትዊተሩ ሞቷል ማለት አይደለም፤ መንገዱ ላይ ያለው ካፓሲተር የመልቲሜትሩን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ነው። በዚህ ምክንያት ደህና ትዊተር ተቃጥሏል ተብሎ ሲፈታ አይቻለሁ። ትዊተር የሚመረመረው በጆሮ ነው። ድምጹን ዝቅ አድርገህ ወረቀት ጠቅልልና አንዱን ጫፍ ትዊተሩ ፊት፣ ሌላውን ጆሮህ ላይ አድርግ። ዉፈር፣ ሚድሬንጅና ትዊተር ለየብቻ ባሉት (ሦስት መንገድ) ስፒከር ላይ ሚድሬንጁ ስለሚሸፍንለት የሞተ ትዊተር ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሻጩ እያታለለህ ላይሆን ይችላል፣ እሱም አያውቅም።

ከዚያ ሁለቱን ስፒከሮች ጎን ለጎን አቁምና ሞኖ የተቀዳ የሰው ንግግር እየከፈትክ በባላንስ ከአንዱ ወደ አንዱ ተመላለስ። አንደኛው ደብዘዝ ካለ፣ አንዳንድ ትዊተሮች ውስጥ ያለው ማግኔታዊ ፈሳሽ በዕድሜ ወፍሮ ወይም የክሮስኦቨሩ (ድምጹን ለዉፈሩና ለትዊተሩ የሚያከፋፍለው ሰርኪት) ካፓሲተር ተዳክሞ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምጽ በመጠኑ ክፈት፤ የላላ ሳጥንም የተቀደደ ኮንም በመንቀጥቀጥ ራሱን ያጋልጣል።

የትዊተሩ ጉልላት ከተጎዳ ከምን እንደተሠራ ሳታውቅ በፕላስተር እየሳብክ ልታወጣው አትሞክር። እንደ ፎካል ዩቶፒያ ያሉት ስፒከሮች ቤሪሊየም የተባለ ብረት ይጠቀማሉ፤ ቤሪሊየም ይሰባበራል፣ ብናኙ ለሳንባ መርዝ ነው። ብሎኖቹንም እይ፤ ጭንቅላታቸው ከተፋቀ ሰው ከፍቶታል። «ክሮስኦቨሩን አሻሽዬዋለሁ» የሚል ሻጭ ከገጠመህ እኔ ብሆን አልገዛም። ቢሻሻል እንኳ ከፋብሪካ እንደወጣው ሴንተር መሆኑ ቀርቷል፣ መጀመሪያ ያልኩህ ችግር ተመልሶ ይመጣል። የሴሪ ቁጥራቸውም የጥንድ መሆኑን አረጋግጥ።

ሰብዉፈር ግን ያገለገለ አትግዛ። በውስጡ ያለው አምፕ እየተንቀጠቀጠ ያረጀ ነው፤ ሲበላሽ ለዚያ ሞዴል የሚሆን ምትክ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። ከሌሎቹ ጋር በድምጽ ባሕርይ መመሳሰልም አይጠበቅበትም፣ ስለዚህ አዲስ ግዛ።

ስታጓጉዝ ሻጩ ኦሪጅናል ካርቶኑ ካለው እሱን ተቀበል፤ ከሌለው ከታች ያሉትን ሹል እግሮች አውልቀህ ስፒከሮቹን አቁመህ እሰራቸው፣ ትዊተሩ ላይ ምንም አይደገፍ። አሁን ሞዴሉን፣ የጀርባቸውን ፎቶና የሪሲቨርህን ስም ላክልኝ፤ ሴንተሩ የትኛው እንደሆነና ሪሲቨርህ ይችላቸው እንደሆነ አብረን እናያለን።